ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የበርሊኑ ሸክላ

በእንዲህ ያለ የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይጻፋል። እኔም የልማት ሠራተኛ ነኝና የዘወትር ሥራዬ ይኸው ነው። ለዛሬ ግን ስለ አንድ የመሰንቆ ሰው ላውጋችሁ። ከአራቱ የሀገራችን ቅኝቶች አንዱ በዞናችን ከተማ በባቲ ስም የሚጠራ በመሆኑ የዘፈን ነገር ለእኛ ባዳ አይደለም።

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1876 ገደማ በምንጃር ነው። ምንጃር በአጎራባቻችን በሰሜን ሸዋ የሚገኝ፣ ጤፉ የተመሰገነ ሀገር ነው። ተሰማ ከአዝማሪ ዘር አልነበሩም። በዚያን ዘመን አዝማሪ ድግስ ሲኖር ይፈለጋል፤ ድግሱ ሲያልቅ ግን ይናቃል። ቤተ መንግሥት የቀረቡ ሰው ሆነው ሳለ መሰንቆ ማንሳታቸው ቀላል ድፍረት አይመስለኝም።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገቡ። መኪና ያለ ነጂና ያለ ጠጋኝ ምን ይሠራል? ስለዚህ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ተሰማን መንዳትና መካኒክነት እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እርሳቸውም ትምህርቱን እየተከታተሉ በርሊን ላይ መሰንቋቸውን እየመቱ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የአጤ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ድምፅ ቀደም ብሎ በ1891 ዓ.ም. ተቀርጾ ነበር፤ ያ ግን ለእንግሊዝ ንግሥት የተላከ መልእክት እንጂ ዘፈን አልነበረም። ለገበያ በወጣ ሸክላ የዘፈኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሰማ ናቸው።

ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ሆኑ። ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግም አገኙ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ፣ የገበያና የቀረጥ ሹም ነው፤ እህላችንን ገበያ የምናወጣ እኛ የሥራውን ክብደት ሳንረዳው አንቀርም። ነገር ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሠራዊት አስከትለው ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ብዙ የወሎ ሰው ያለቀበት ጦርነት ነው። የተሰማም ሹመት ከልጅ ኢያሱ ጋር አብሮ ሄደ።

በ1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ ልጃቸው ይድነቃቸው ተወለደ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያስገኘልን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ እርሱ ነው። የአባቱን ቅኔዎች ሰብስቦ ሰምና ወርቅ የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀውም እርሱ ነው። ሰብሳቢ ባይኖር ኖሮ ከሰው አፍ የሚጠፋው ስንት ነበር!

ነጋድራስ ተሰማ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የበርሊኑ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ በሲዲ እንደገና ታትሟል። የጥንት ሸክላ ነውና ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል፤ ቃሉ ሁሉ በአንዴ አይለይም፤ ደጋግሞ መስማት ይጠይቃል።