መነጽሩን የተወው አዳኝ

ስለ ሲሞ ሃይሃ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የገደላቸው ሰዎች ብዛት ሳይሆን አልፈልግም ያለው መሣሪያ ነው። ሲሞ እ.ኤ.አ. በ1905 በፊንላንድ፣ ራውትያርቪ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አደን የለመደ፣ ቁመቱ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

በኖቬምበር 1939 ሶቭየት ኅብረት አገሩን ስትወር ነጭ ለብሶ ኮላ ግንባር ዘመተ። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ሌሎች አልሞ ተኳሾች ጠመንጃቸው ላይ መነጽር ሲገጥሙ፣ እሱ ግን በጠመንጃው የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ተኮሰ። ምክንያት ነበረው። የመነጽር መስታወት ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፤ ነጸብራቁም መደበቂያውን ለጠላት ያሳብቃል። ብርድ ያደበዝዘዋል፤ በእሱ ለማየትም ራስን ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። ሲሞ ትንፋሹ እንኳ እንዳይታይበት በረዶ ይጎርስ ነበር።

ከ100 ቀን ባነሰ ጊዜ ከ500 በላይ ወታደሮች እንደገደለ ይነገርለታል። ማርች 6 ቀን 1940 ጥይት መንጋጋውን ሰባበረው፤ ነፍሱን ያወቀው ጦርነቱ ባበቃበት በማርች 13 ነው። ከዚያ በኋላ ውሻ እያረባ፣ እያደነ ኖሮ በ2002፣ በ96 ዓመቱ አረፈ።

ስለ ግድያው ሲጠየቅ የታዘዘውን እንደፈጸመ ይመልስ ነበር። ሕግ የተማርኩ ነኝና ይህ መልስ ብቻውን አያጠግበኝም። ሆኖም አገሩን ከወራሪ የተከላከለ ወታደር ነውና አልፈርድበትም። ይልቅስ ያስተማረኝን ልያዝ፦ አርቀን የምናይበት መስታወት እኛንም ከሩቅ ያሳያል።