ዐፄ ገላውዴዎስና የግዝረት ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ የምንኖር ክርስቲያኖች ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ቡና ተጠራርተን፣ ኀዘንና ደስታ ተካፍለን እንኖራለን። እኛም ወንድ ልጅ እንገርዛለን፤ እነርሱም ይገርዛሉ። ታዲያ ልጆቻችን ግዝረት የመዳን ሕግ ነው ወይስ የአገር ልማድ? ሳይገረዝ ያደገ ሰው ልጠመቅ ብሎ ቢመጣስ ይመለሳል ወይ? እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከ470 ዓመት ገደማ በፊት ለአንድ ንጉሥ ቀርቦላቸው ነበር።

ዐፄ ገላውዴዎስ የዐፄ ልብነ ድንግልና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው። አባታቸው ከግራኝ አሕመድ ጦር ሲሸሹ ኖረው በ1533 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እርሳቸው ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ነገሡ፤ ስመ መንግሥታቸውም አጽናፍ ሰገድ ተባለ። የተረከቡት አገር አብያተ ክርስቲያናቱ የተቃጠሉበት፣ ካህናቱ የተበተኑበት፣ ብዙ ሰው ሰይፍ ፈርቶ ሃይማኖቱን የለወጠበት ነበር። 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ለእርዳታ ከመጡ በኋላ፣ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ግራኝ ወድቆ ጦርነቱ ተገለበጠ። ንጉሡም በፍርሃት የካዱትን አልፈጇቸውም፤ ይቅር ብለው ተቀበሏቸው እንጂ።

የረዳ ግን ብድሩን ይሻልና፣ ዮሐንስ ቤርሙዴዝ የሚባል ሰው ፓትርያርክ ነኝ ብሎ ተነሣ፤ ንጉሡ ለሮማ ይገዙ ዘንድ ጠየቀ። እርሳቸውም እምቢ አሉ። ጳጳስም እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት ከእስክንድርያ አስመጡ። በ1547 ዓ.ም. ደግሞ የኢየሱሳውያን ማኅበር መልእክተኛ ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ ከንጉሡ ዘንድ ደረሰ። የሮማ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያን ቅዳሜን ያከብራሉ፣ የእሪያ ሥጋ አይበሉም፣ ይገረዛሉ፤ ስለዚህ ወደ አይሁድ ሕግ ያዘነብላሉ ብለው ይከሱ ነበር።

ንጉሡ በቁጣ አልመለሱም። በሰኔ ወር 1547 ዓ.ም. በግእዝ የእምነት መግለጫ ጻፉ። አስቀድመው በሥላሴ፣ በጌታችን ሰው መሆን፣ በሞቱና በትንሣኤው ማመናቸውን ገለጡ። ስለ ግዝረት ሲደርሱ፣ ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም ማስተማሩን እንደሚያውቁ አስረዱ። የእኛ ግዝረት የሙሴን ሕግ ለመፈጸም አይደለም፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደመብጣት፣ በሕንድም ጆሮን እንደመብሳት ያለ የአገር ልማድ ነው አሉ። በእሪያ ሥጋም ነገር የሚበላውን እንደማይጸየፉ፣ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ ጻፉ።

ይህ መልስ ከየት የመጣ ነው ቢሉ፣ ከሐዋርያት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እንደምናነበው፣ አንዳንዶች አሕዛብ ካልተገረዙ አይድኑም ባሉ ጊዜ ሐዋርያትና ቀሳውስት በኢየሩሳሌም ተሰበሰቡ። ጴጥሮስ ተናገረ፤ ጳውሎስና በርናባስ መሰከሩ፤ ያዕቆብ ፈረደ፤ በአሕዛብ ላይም ያንን ቀንበር አልጫኑም። ያው ጳውሎስ ግን በአይሁድ መካከል እንዲያገለግል ጢሞቴዎስን ገረዘው፤ ቲቶን ግን ይገረዝ ብለው ሲያስገድዱ አልታዘዘም። ልማዱን አልጠላም፤ ልማዱ የመዳን መንገድ ሲባል ግን እሺ አላለም። ገላውዴዎስም እንዲሁ አደረጉ። በሮማ ትእዛዝ የአባቶችን ልማድ አልጣሉም፤ ልማዱንም ሕገ ወንጌል አላደረጉትም።

በ1549 ዓ.ም. ጳጳሱ አንድሬስ ኦቪየዶ መጥቶ ሲከራከራቸውም ከሃይማኖታቸው ንቅንቅ አላሉም። በመጋቢት 1551 ዓ.ም.፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ከእርሳቸው በኋላ የወንድማቸው ልጅ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እናርያ ድረስ ዘምተው ገዥውንና ሕዝቡን አስጠመቁ። እናርያ ማለት ዛሬ ሊሙ የምንለው የእኛው አገር ነው። እነዚያን ሰዎች ክርስቲያን ያሰኛቸው ከውኃና ከመንፈስ መወለዳቸው ነው።

እንግዲህ ምእመናን፣ ልጆቻችን ሲጠይቁን የምንመልሰው አለን። ጌታችን በስምንተኛው ቀን ተገርዟል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በዓሉን ጥር 6 ቀን ታከብራለች። ወንዱን ልጅ በስምንት ቀኑ ብንገርዝ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ልጅነት የሚያሰጠው ግን የአርባና የሰማንያ ቀን ጥምቀት ነው። ሳይገረዝ ያደገ ሰው አምኖ ቢመጣም በሩ አይዘጋበትም። የሴት ልጅ ግርዛትማ በሃይማኖት ስም ሊጠራ እንኳ አይገባም። ለአብርሃም በዘፍጥረት ምዕራፍ 17 የተሰጠው ትእዛዝ የወንድ ብቻ ነው፤ በአገራችንም የ1997ቱ የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን ይከለክላል። አያቶቻችን አደረጉት ብለን ያላዘዘንን እግዚአብሔር አዘዘ ብንል፣ በስሙ ሸክም መጫናችን ነው።

በዚህ ጾም እያንዳንዳችን ቤታችንን እንመርምር፤ የምናደርገውን ሁሉ ይህ ትእዛዝ ነው ወይስ ልማድ? እያልን እንጠይቅ። የሥጋ ግዝረት በአንድ ቀን ያልፋል። ቂምን፣ ሐሜትን፣ ጎረቤትን መናቅን ቆርጦ የሚጥለው የልብ ግዝረት ግን ዕድሜ ልክ ነው፤ እርሱ ለወንድም ለሴትም ታዟል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።