መሐመድ አሚን፡ ከራሊ መኪና እስከ ኮረም

ስታዲየም የምትገቡ ታውቃላችሁ፤ ከጎል ጀርባ ተቀምጠው ክንድ የሚያክል ሌንስ የሚደግኑ ፎቶ አንሺዎች አሉ። ሌንሱ ለጉራ አይደለም። አጥቂው ሲፈተለክ ሜዳ ገብቶ መከተል ክልክል ስለሆነ ሌንሱ ያቀርብላቸዋል። ለኳስ 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ይመረጣል፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ገደል አፋፍ ለቆመ ዋልያ ደግሞ 500 እና 600 ቢሆን ይሻላል። ርዝመት ብቻውን ግን አይበቃም። 2.8 የተጻፈበት ሌንስ 5.6 ከተጻፈበት 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ጨለምለም ሲል ተጫዋቹን ሳያደበዝዝ የሚያስቀረው እሱ ነው። ዋጋው የሚከብደውም ለዚህ ነው።

የአፍሪካው ታላቅ ካሜራማን መሐመድ አሚንም ጉዞውን የጀመረው ከስፖርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ተወለደ፤ ያደገው ዳሬሰላም ነው። የመጀመሪያ ካሜራው ቦክስ ብራውኒ የምትባል፣ ሌንሷ የማይቀየር ሳጥን ነበረች። በእንዲህ ያለ ካሜራ ሩቅ ያለን ነገር ማቅረብ አይቻልም፤ ያለው አማራጭ በእግር መጠጋት ብቻ ነው። ገና ተማሪ እያለ የሳፋሪ ራሊ መኪኖችን አንስቶ ፎቶዎቹን ለጋዜጣ ሸጠ። አቧራ እያስነሳ የሚበር መኪና መያዝ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ወይ በሰከንድ አንድ ሺህኛ መቅረጽ፣ ወይ ካሜራውን ከመኪናው ጋር እኩል ማዞር ይጠይቃል።

በ1963፣ በ20 ዓመቱ፣ ካሜራፒክስ የተባለ ድርጅቱን አቋቋመ። በ1964 የዛንዚባርን አብዮት ዘገበ፤ በ1966 እዚያው ዛንዚባር ታሰረ። በ1969 ኬንያዊው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ ላይ በጥይት ሲመታ ደርሶ የመጨረሻ ደቂቃዎቹን ቀረፀ። ከዜናው ጎን ለጎን የአፍሪካን ምድርና የዱር እንስሳት የሚያሳዩ የፎቶ መጻሕፍት አሳተመ።

እኛ አገር ስሙ የሚነሳው ግን በኮረም ነው። በጥቅምት 1984 ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ። ለአንበሳ የሚሆን ረጅም ሌንስ እዚህ ምን ይሠራል? የተራበ ሰው አይሸሽም፣ አይናከስም። አሚን በመጀመሪያ በንጋት ጉም ሜዳውን የሞላውን ሕዝብ በሰፊው አሳየ፤ ከዚያ ወደ እናቶችና ሕፃናት ፊት ተጠጋ። ምስሉ ኦክቶበር 23 ቀን በቢቢሲ ከተላለፈ በኋላ ከ400 የሚበልጡ ጣቢያዎች አሳዩት። እርዳታው ጎረፈ፤ በሐምሌ 1985 የእግር ኳሱ ዌምብሌይ ስታዲየም ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተጥለቀለቀ።

ኢትዮጵያ ግን ከባድ ዋጋም አስከፍላዋለች። በሰኔ 1991 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርፅ ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። ካሜራ በሁለት እጅ የሚያዝ ዕቃ ነውና ብዙ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር። እሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠለፈ። ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ አሚንም ከእነሱ አንዱ ነበር። ዕድሜው 53 ነበር። ካሜራፒክስን ልጁ ሳሊም ተረክቦ ቀጠለ።