ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትና ጋዜጦቻቸው

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ጥቂት ልንጽፍ አስበናል። የኢትዮጵያ ወዳጅ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ አስቀድሞ ግን በገዛ አገራቸው፣ በጦርነት ዘመን ጋዜጣ በማሳተማቸው የደረሰባቸው መከራ እምብዛም አይወራም። ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈነዋል፤ የኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።

ሚስ ሲልቪያ ሜይ 5 ቀን 1882 በማንችስተር ከተማ ተወለዱ። እናታቸውና ታላቅ እህታቸው ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የሚታገል ማኅበር መሪዎች ነበሩ። እሳቸውም በዚሁ ሰበብ ስንት ጊዜ ታስረዋል፤ እህል አልቀምስም ሲሉ በቱቦ በግድ ይግቷቸው ነበር። በ1914 መጀመሪያ ከእናታቸው ማኅበር ተለይተው በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር የራሳቸውን ማኅበር ያዙ። በማርች ወርም ድሬድኖት የሚባል ጋዜጣ ጀመሩ፤ የማይፈራ እንደ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ጦርነት ተነሣ። እናትና እህት ከመንግሥት ጎን ሲቆሙ እሳቸው ጦርነቱን ተቃወሙ። ታዲያ ባሎች ዘምተው፣ ኑሮ ተወድዶ ሰፈሩ ሲጨነቅ ማኅበራቸው ዝም ብሎ አላየም። በርካሽ የሚበላበት ቤት ከፈተ፣ ለሕፃናት ወተት አደለ፣ ሥራ ላጡ ሴቶች የአሻንጉሊት መሥሪያ አቋቋመ። አንድ መጠጥ ቤት ነበረ፣ በጠመንጃ ሠሪዎች ስም የሚጠራ፤ እሱን የሕፃናት መዋያ አድርገው ስሙን ወደ እናቶች ለወጡት። እኛ የእድር ሰዎች ይህን ዓይነቱን ሥራ ሳይነግሩን እናውቀዋለን።

መንግሥት ደግሞ ጦርነቱ በታወጀ በአራተኛው ቀን የአገር መከላከያ ሕግ የሚባል አውጥቶ ነበር። በዚህ ሕግ ጋዜጣ ይመረመራል፣ ቢሮ ይፈተሻል፣ ቃሉ ያልተወደደለት ሰው ይከሰሳል። ግንባር ተዋግቶ የተሸለመው መኮንን ሲግፍሪድ ሳሱን ጦርነቱ ያለ አግባብ ተራዘመ ብሎ የጻፈውን ሚስ ሲልቪያ በጁላይ 1917 አተሙት። የድሬድኖትን ቢሮም ፖሊስ ገብቶ ፈትሾታል።

እኛን የሚገርመን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ተኩሱ በኖቬምበር 1918 ቆመ፤ ሕጉ ግን አልቆመም። በኦክቶበር 1920 በጋዜጣው የወጡ ጽሑፎች መርከበኞችን ለአመፅ ያነሣሣሉ ተብለው፣ አዘጋጇ በዚያው በጦርነቱ ሕግ ተከሰው ስድስት ወር ተፈረደባቸው፣ ሆሎዌይ እስር ቤትም ገቡ። በጽሑፎቹ ያለውን ሁሉ እንደግፋለን ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ጠመንጃው ዝም ካለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል በጦርነት ሕግ ማሰር ምን ይሉታል? ጦርነቱ በሕግ አለቀ የተባለው በኦገስት 1921 ነው እኮ፤ ያን ጊዜ እሳቸው ቅጣታቸውን ጨርሰው ወጥተዋል። በእስር ቤት የጻፏቸው ግጥሞች በ1922 ታተሙ፤ የመጽሐፉ ስም ቀዝቃዛ ሰሌዳን ያነሣል፣ እስረኛ የሚጽፈው በሰሌዳ ላይ ነበርና።

ድሬድኖት በ1924 ቢዘጋም ሚስ ሲልቪያ ከጽሑፍ አልራቁም። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ለንደን ላይ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የሚባለው ጋዜጣቸው የመጀመሪያ እትም የያዘው ቀንም ይኸው ነው፤ አጋጣሚ ሆኖ ልደታቸውም ነበር። አገር ውስጥ በአማርኛ የሚወጣው የቄሳር መንግሥት መልእክተኛን የመሰለ የጣልያን ጋዜጣ በነበረበት ጊዜ፣ እሳቸው የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ለዓለም ጻፉ። በአማርኛ የተዘጋጀ ቅጂም በድብቅ ለአርበኞች ይላክ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በ1938 የጣልያንን ገዢነት ሲቀበል እሳቸው አልተቀበሉም። ከነፃነት በኋላ እንኳ እንግሊዞች በኢትዮጵያ ላይ ያሰቡትን ከመንቀፍ አላረፉም። ጋዜጣውን ሃያ ዓመት አቆዩት፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታልም ገንዘብ አሰባሰቡ።

በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ መጥተው ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የሚባል መጽሔት ያዘጋጁ ጀመር። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐረፉ። ለቀብራቸው ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣቸው፤ ጃንሆይም በቀብሩ ተገኙ። መቃብራቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከአርበኞች ጋር ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ የኖሩት ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድም በየካቲት 2009 ዓ.ም. ዐርፈው በዚያው ካቴድራል ተቀብረዋል።