መርዙን ክትባት ያደረጉት የእንስሳት ሐኪም

ጋስቶን ራሞን እ.አ.አ በ1886 በፈረንሳይ ቤልሾም በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። በአልፎር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1911 በፓሪስ አቅራቢያ ጋርሽ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ቅርንጫፍ ሥራ ጀመሩ።

በዚያ ፈረሶች የባክቴሪያ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እየተወጉ ይለማመዳሉ፤ መርዙን የሚያመክነው ሴረምም ከደማቸው ይዘጋጃል። ይሁን እንጂ የሴረሙ መከላከያ ለሳምንታት ብቻ ነበር የሚቆየው። መርዙን በቀጥታ ለሰው መስጠት ደግሞ ይገድላል።

ራሞን ፎርማሊንን ሴረም እንዳይበላሽ ይጠቀሙበት ነበር። በ1923 የዲፍቴሪያን መርዝ ከፎርማሊን ጋር ለብ ባለ ሙቀት ሲያቆዩት የመጉዳት ኃይሉን እንደሚያጣ፣ ሰውነት ግን ለይቶ መከላከያ እንደሚያዘጋጅበት አረጋገጡ። ቀጥሎም የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ በዚሁ ዘዴ አመከኑ።

መርፌ የተወጉበት ቦታ ያበጠባቸው ፈረሶች የተሻለ ሴረም እንደሚሰጡም አስተዋሉ። በመሆኑም ከካሳቫ የሚገኘውን ታፒዮካ ከክትባቱ ጋር ቀላቅለው ሰጡ፤ መከላከያውም ጨመረ።

ራሞን ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጩም ሳያገኙ በ1963 አረፉ። ዛሬ ነፍሰ ጡር እናቶች የሚወስዱት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የእርሳቸው ዘዴ ውጤት ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋሲ በአፈርና በእንስሳት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ በማረሻ ወይም በማጭድ ቁስል ይገባል። ለሞት የሚያበቃው የመርዝ መጠን ሰውነትን ለማለማመድ እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ ታሞ የዳነ ገበሬም መከተብ ይኖርበታል።