አይሠራም የተባለው ሰው አለቃ ሲሆን

ኤድ ሮበርትስ ፖሊዮ ሲይዘው ገና 14 ዓመቱ ነበር። ጊዜው 1953 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ክትባቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1955 ነው። ለሁለት ዓመት አመለጠው ማለት ነው። ስፖርት ይወድ የነበረው የካሊፎርኒያ ልጅ ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አልታዘዝ አለው፤ የሚያንቀሳቅሰው ሁለት ጣቶቹንና ጥቂት የእግር ጣቶቹን ብቻ ሆነ። ሌሊት ሌሊት የሚተነፍሰው በማሽን ነበር። የብረት ሳንባ ይሉታል፤ ጭንቅላት ብቻ ውጭ የሚቀርበት ትልቅ በርሜል የመሰለ ነገር ነው።

ትምህርቱን ቤት ሆኖ በስልክ ተከታተለ። ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ ሲል ግን የስፖርትና የመኪና መንዳት ትምህርት ስላልወሰደ አይመረቅም ተባለ። ቀልድ አይደለም፣ እውነት ነው። እናቱ ዞና ተሟግተው አስመረቁት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አካል ጉዳተኞችን ለሥራ የሚያበቃ የተሃድሶ መምሪያ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። ከፌዴራሉና ከግዛቱ በጀት እየወሰደ የኮሌጅ ክፍያ፣ ሥልጠናና መሣሪያ ይሸፍናል። ኤድ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መማር ፈልጎ አመለከተ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አልከፍልም አለ። ምክንያቱ አጭር ነው፦ ጉዳቱ በጣም ከባድ ስለሆነ መቼም ተቀጥሮ አይሠራም።

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ ስሌት እንግዳ አይደለም። በጀት ውስን ነው፣ ስለዚህ ነገ ሠርቶ ግብር ሊከፍል በሚችል ሰው ላይ ይውጣ። ችግሩ ትንበያው ራሱን በራሱ እውነት ማድረጉ ነው። አይሠራም ተብሎ ገንዘብ የተከለከለ ሰው አይማርም፤ ካልተማረ የሚቀጥረው የለም፤ ከዓመታት በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ መሥሪያ ቤቱ ልክ ነበር ያስብላል። ሠራተኞቹም የሚመዘኑት ስንት ሰው ሥራ አስያዛችሁ ተብለው ስለነበር ቀላል ቀላሉን ጉዳይ መምረጥ ያዋጣቸው ነበር።

ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ወሬው ሲጋጋል መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን ቀይሮ ከፈለ። ኤድ በ1962 በርክሌይ ገባ። ማሽኑ ከ350 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የሚሸከመው ዶርም አልተገኘም፤ ካምፓሱ ውስጥ ባለው የካወል ሆስፒታል ክፍል ሰጡት። እሱን አይተው ሌሎችም ተከተሉ፤ ሆስፒታሉ ዶርም ሆኖ አረፈው!

እነዚህ ተማሪዎች ያወቁት ነገር ቀላል ይመስላል። ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳህ ሰው ከሌለ ዲግሪ ምን ያደርግልሃል? ዊልቸርህ መንገድ ላይ ቢበላሽስ? በ1970 ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ አግኝተው ረዳት የሚያፈላልግ፣ ዊልቸር የሚጠግንና ቤት የሚፈልግ የተማሪዎች ፕሮግራም አቋቋሙ። በ1972 ያው ሐሳብ ከካምፓስ ወጥቶ የበርክሌይ የራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ሆነ። ኤድ ብዙም ሳይቆይ መሪው ሆነ። በዚህ አሠራር ረዳቱን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም ራሱ ተጠቃሚው ነው። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ገንዘቡ የመንግሥት ቢሆንም አዛዡ ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ 1975 መጣ። አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን የተሃድሶ መምሪያውን ዳይሬክተር ሾመ፤ ተሿሚው ኤድ ሮበርትስ ነበር። አዎ፣ ያው መሥሪያ ቤት!

እስከ 1983 መራው። የ1973ቱ የፌዴራል ሕግ ጉዳታቸው የከበደ ሰዎች ቅድሚያ ያግኙ ይል ስለነበር፣ በፊት ፋይላቸው የሚዘጋባቸውን ሰዎች ለማገልገል ሕጉ ከጎኑ ነበር። የበርክሌይን የመሰሉ ማዕከላትም በግዛቱ እንዲስፋፉ ገፋ። በ1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል ሕንፃ ይዘው ከ3 ሳምንት በላይ ሲቀመጡ፣ ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ ሄዶ ደገፋቸው።

አንድ እንቅፋት ግን ከሥልጣኑ በላይ ነበር። ድጎማ የሚያገኝ ሰው ሥራ ይዞ ደሞዙ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ድጎማው ይቋረጣል፤ ከድጎማው ጋር የሕክምና ሽፋኑም ይሄዳል። ታዲያ ማን ይሠራል? ኮንግረሱ ይህን የሚያላላ ሕግ በ1980 ለሙከራ አወጣ፣ በ1986 ቋሚ አደረገው። በዚያው ዓመት አሠልጣኝ ሥራ ቦታው ድረስ አብሮ ሄዶ የሚያለማምድበትና ከቅጥር በኋላም ድጋፍ የሚቀጥልበት አሠራር በተሃድሶ ሕጉ ውስጥ የራሱን በጀት አገኘ።

ኤድ በ1984 የማካርተር ሽልማትን ወሰደ፤ ከጁዲ ሂውማንና ከጆአን ሊዮን ጋር የመሠረተውን ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳት ተቋምም ይመራ ነበር። አግብቶ ወንድ ልጅ ወልዷል። በመጋቢት 1995 በ56 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ዊልቸሩ ዋሽንግተን ወዳለው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተወሰደ፤ ከኋላው የመተንፈሻ ማሽን ማስቀመጫ፣ ለማታ ደግሞ የፊት መብራት አለው።