ቴዎዶር ሌበር

ቴዎዶር ሌበር (1840–1917) ጀርመናዊ የዓይን ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ እንዳያዩ የሚያደርገውን፣ በዘር የሚተላለፈውን ብርቅ የሬቲና ሕመም ለይቶ የገለጸ እሱ ነው፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕይወት

ሌበር በካርልስሩኸ ከተማ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1840 ተወለደ፤ ልደቱ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ሰው ነበር ማለት ነው። የሚፈልገው ኬሚስትሪ ነበር። ሆኖም ስመ ጥሩው ኬሚስት ቡንዘን በሙያው ብዙ ሰው እንዳለ ስለ ነገረው ወደ ሕክምና ዞረ። በሃይድልበርግ ካስተማሩት አንዱ ሄልምሆልትዝ ሲሆን፣ ይህ ሰው በ1851 ያስተዋወቀው ኦፍታልሞስኮፕ ሐኪሞች የሕያው ሰውን ሬቲና በብርሃን እንዲያዩ አስችሏል። ሌበር በበርሊን የፎን ግሬፈ ረዳት ሆኖ ሠራ፤ ከዚያ በጎቲንገን፣ ከ1890 እስከ 1910 ደግሞ በሃይድልበርግ አስተማረ። በዚያው ከተማ በ1917 አረፈ።

የሕመሙ ምልክቶች

ሌበር ሕመሙን የገለጸው በ1869 ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቱን ፊት ወይም ብርሃን በዓይኑ አይከተልም። ዓይኖቹ ያለ ዕረፍት ይዋልላሉ፤ ብሌኑ ብርሃን ሲበራበት እምብዛም አይጠብም። ብዙዎቹ ዓይናቸውን በጣታቸው ወይም በጡጫቸው ይጫናሉ፤ ይህ ምልክት በኋላ በስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ፍራንቼስኬቲ ስም ተጠርቷል። አሳሳቹ ነገር በሕፃንነት ሬቲናው ጤነኛ መስሎ ሊታይ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች የሬቲናን የኤሌክትሪክ ምላሽ ይለካሉ፤ በዚህ ሕመም ምላሹ እጅግ ደካማ ነው ወይም ጨርሶ አይገኝም።

በአገራችን ዓይነ ስውርነት ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ትራኮማና የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ግን ብሌኑን ነጭ ያደርጋል፤ የሌበር ሕመም ያለበት ሕፃን ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ጥርት ያለ ነው። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለባት ሰበታም ሆነ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ ወላጆች በዘራችን ዓይነ ስውር የለም ቢሉ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ሕመሙን አያስቀርም። በአብዛኛው አባትም እናትም ደህና እያዩ አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ይሸከማሉ፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ወላጆቹ ዘመዳሞች ከሆኑ ሁለቱም የተበላሸውን ጂን የመሸከም ዕድላቸው ከፍ ይላል።

ለረጅም ጊዜ መድኃኒት አልነበረውም። በ2017 ግን አሜሪካ አርፒኢ65 የተባለውን ጂን የሚተካ ሕክምና ፈቀደች። የሚሠራው በዚሁ ጂን ጉድለት ለታመሙት ብቻ ነው፤ ያውም በሬቲናቸው ውስጥ በሕይወት ያሉ ሴሎች ከቀሩ። ምልክቶቹን በጊዜ ማወቅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሌበር ስም የሚጠራ ሌላም የዘር ሕመም አለ፤ በ1871 የገለጸው ነው። ይህኛው ከእናት የሚወረስ ሲሆን፣ ሬቲናን ሳይሆን የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ በብዛት የሚይዘውም ወጣት ወንዶችን ነው።